እጀጌው ሥር የተኛው ሕዋስ፦ የጡንቻ ስቴም ሴሎች ጡንቻን እንዴት ይገነባሉ፣ እንዴትስ ይጠግናሉ?

በ2012 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች የጡንቻ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ሞት ከደረሰ 17 ቀን ካለፈ በኋላም ቢሆን በናሙናው ውስጥ በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ነበሩ፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተስማሚ ምግብ ሲያገኙም ተከፋፍለው አዲስ የጡንቻ ክር መሥራት ቻሉ። ኦክስጅን የሚያደርስላቸው ደም ከቆመ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል፣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ፈርሷል፤ እነሱ ግን ኃይል የሚያመርቱ ክፍሎቻቸውን ቀንሰው፣ ፍጆታቸውን እጅግ ዝቅ አድርገው ቆይተዋል።

እነዚህ ሕዋሳት የጡንቻ ስቴም ሴሎች ናቸው። ስቴም ሴል የሚባለው ሁለት ችሎታዎችን ያጣመረ ሕዋስ ነው፤ በአንድ በኩል ተከፋፍሎ ራሱን የሚመስል ሌላ ስቴም ሴል ይተካል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የተወሰነ ሥራ ያላቸውን ሕዋሳት ያፈራል። ግንደ ሕዋስ ብለው የሚጠሩትም አሉ፤ እዚህ ግን ብዙ አንባቢ የሚያውቀውን ስያሜ እጠቀማለሁ። ስለ ስቴም ሴል ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው ማንኛውንም የሰውነት ክፍል መሆን ይችላል የሚለው ነው። የጡንቻው ስቴም ሴል ግን እንዲያ አይደለም፤ የሚያውቀው አንድ ሙያ ነው፣ እሱም ጡንቻ መሥራት ነው። ይህን ሕዋስ በሚገባ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከሕዋሱ ይልቅ ሕዋሱ የሚኖርበትን ቦታ ቢከታተል የተሻለ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። ከጽንስ ጊዜ ጀምሮ እስከ እርጅና፣ ከጤና እስከ ሕመም ድረስ ያለው ታሪኩ ሁሉ ከዚያ ቦታ ጋር የተሳሰረ ነው።

አጥንትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከ600 በላይ ሲሆኑ፣ ከአንድ አዋቂ ሰው ክብደት 40 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። አንዱ ጡንቻ ቢፈታ በጥቅል በጥቅል የታሰሩ ረጃጅም ክሮች ይወጡታል፤ እያንዳንዱ ክርም አንድ ሕዋስ ነው። ሆኖም ከሌሎቹ የሰውነት ሕዋሳት በጣም የተለየ ነው። አብዛኛው ሕዋስ አንድ ኒውክለስ፣ ማለትም ዘረ መሎቹን የያዘ ማዕከል፣ ብቻ ሲኖረው፣ የጡንቻ ክር ግን መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች የሚሆኑ ኒውክለሶች በጎንና በጎኑ ተደርድረውበት ይገኛሉ። ይህም የሆነው ክሩ አንድ ሕዋስ እየገዘፈ በመሄዱ የተፈጠረ ሳይሆን፣ ብዙ ትናንሽ ሕዋሳት በመካከላቸው ያለውን ስስ ሽፋን አፍርሰው በመዋሐዳቸው የተገኘ በመሆኑ ነው። ውሕደቱ ክሩን ረጅምና ብርቱ አድርጎታል፤ ነገር ግን አንድ ነገር አሳጥቶታል። አንዴ ክሩ ውስጥ የገባ ኒውክለስ ዳግም አይከፋፈልም። ስለዚህ ክሩ ሲቀደድ ወይም ሲሞት ከራሱ ምትክ ማውጣት አይችልም፤ ምትኩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ያ ቦታ የት እንደሆነ የታወቀው በ1961 ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት እግር ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ከክሩ ጠርዝ ጋር ተጣብቀው የተቀመጡ ትናንሽ ሕዋሳት አየ። በዚያው ዓመት በርናርድ ካትዝም በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ተመሳሳይ ሕዋሳትን ገልጿል። ምስሉን በቅርበት ለሚመለከት ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ሁለት ልባስ አለው፤ አንደኛው የክሩ የራሱ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውጭ እንደ እጀጌ የሚያጠልቀው፣ በፕሮቲን የተሠራ ቀጭን ልባስ ነው። ትንሹ ሕዋስ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ከሰውነቱ አብዛኛው ኒውክለስ ነው፤ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ክፍል ከመሳሳቱ የተነሣ ዝቅተኛ አቅም ባለው ማይክሮስኮፕ ከክሩ ኒውክለሶች ለመለየት ያስቸግራል። ከክሩ ጎን እንደ አጃቢ በመቀመጡ ማውሮ ሳተላይት ሕዋስ የሚል ስም ሰጠው፤ ምናልባት የጡንቻን መልሶ ማደግ ምስጢር የያዘው እሱ ሊሆን እንደሚችልም ጠቆመ። አንድን ሕዋስ በሥራው ሳይሆን በአድራሻው መሰየም ብዙ ያልተለመደ ነው፤ በኋላ የመጣው ምርምር ሁሉ ግን ስያሜው ምን ያህል ትክክል እንደነበረ አሳይቷል።

ሳተላይት ሕዋሱ የጡንቻ ስቴም ሴል ነው የሚለውን ግምት ወደ እርግጠኝነት ለማድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። በ2000 ፓክስ7 የሚባለው ፕሮቲን የሳተላይት ሕዋሳት መለያ መሆኑና ያለ እሱ ሕዋሳቱ ሊኖሩ እንደማይችሉ በአይጦች ላይ ታየ። ፓክስ7 ሌሎች ዘረ መሎችን የሚያዝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሕዋሱ ስቴም ሴል ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነው። በ2005 ደግሞ ተመራማሪዎች ከአንድ አይጥ አንድ ነጠላ የጡንቻ ክር፣ በእጀጌው ሥር ካሉት ሰባት ያህል ሳተላይት ሕዋሳት ጋር አውጥተው ወደ ሌላ አይጥ የተጎዳ ጡንቻ አዛወሩት። ከዚያች አንዲት ክር ከ100 በላይ አዳዲስ ክሮች በቀሉ። በ2011 ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ፓክስ7 ያላቸውን ሕዋሳት ብቻ ነጥለው ከአዋቂ አይጦች አስወገዱና ጡንቻውን አቆሰሉት፤ ጡንቻው አልዳነም። በሦስቱም ቤተ ሙከራዎች ውጤቱ አንድ ነበር። በ2019 ደግሞ የፓክስ7 ዘረ መላቸው ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ የመጣባቸው ልጆች ታወቁ፤ ጡንቻቸው ከሕፃንነት ጀምሮ ይደክማል፣ ሳተላይት ሕዋሳታቸውም ተሟጥጠዋል። በአይጥ የታየው በሰውም እውነት ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ሕዋሳት ከየት መጡ? መልሱ የሚገኘው በእናት ማኅፀን ውስጥ፣ ጽንሱ ከተፈጠረ በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በጽንሱ ጀርባ ላይ፣ ኋላ ኅብለ ሰረሰር ከሚሆነው ቱቦ ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጉብታዎች ይታያሉ፤ ሶማይት ይባላሉ። ከራስ ወደ ታች እየተራ የሚወጡ ሲሆን፣ በአምስተኛው ሳምንት ማብቂያ 42 እስከ 44 ጥንድ ይደርሳሉ። ከእያንዳንዱ ሶማይት ውስጠኛው ክፍል የጀርባ አጥንትና ጎድን ሲወጣ፣ ከላይኛው ክፍል ደግሞ የጀርባ ቆዳ ውስጠኛ ንብርብርና ጡንቻ ይወጣል። በዚህ የላይኛው ክፍል ያሉት ሕዋሳት ፓክስ3 የሚባል፣ የፓክስ7 ወንድም የሆነ ፕሮቲን አላቸው፤ የሰውነታችን ጡንቻ ሁሉ፣ ከአንገት በላይ ካለው አብዛኛው በስተቀር፣ የእነዚህ ሕዋሳት ዘር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የክንድና የእግር ጡንቻዎች ክንዱና እግሩ ላይ አልተፈጠሩም። እጅና እግር ገና እንደ ትናንሽ እምቡጥ ከጽንሱ ጎን ብቅ ሲሉ ውስጣቸው ጡንቻ የለም። የጡንቻው ዘር የሆኑት ሕዋሳት ከሶማይቱ ተነጥለው፣ አንድ በአንድ እየተጓዙ ወደ እምቡጡ ይገባሉ። ጉዞውን የሚመራው እምቡጡ ራሱ የሚልከው የኬሚካል ጥሪ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ጥሪውን የሚሰሙት ሜት በሚባል ተቀባይ ነው። ሜት የሌላቸው አይጦች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲፈጠሩ የጀርባ ጡንቻ ነበራቸው፤ የእግር ጡንቻና ለመተንፈስ የሚያገለግለው ድያፍራም ግን አልነበራቸውም። ሕዋሳቱ ተፈጥረዋል፣ መንገዱን ግን አላገኙም። ጣታችንን የምናጥፍበት ጡንቻ ከጀርባችን ተነሥቶ የሄደ መንገደኛ መሆኑን ማወቅ፣ ቢያንስ ለእኔ፣ የራሴን እጅ የማይበትን ዓይን ለውጦታል።

የፊት፣ የማኘኪያና የዓይን ጡንቻዎች ደግሞ ሌላ የዘር ሐረግ አላቸው። እነሱ የሚመጡት ከሶማይት ሳይሆን ራስ ውስጥ ካለ፣ በጉብታ ካልተከፋፈለ ሌላ ንብርብር ነው፤ በፓክስ3 ፋንታም በሌሎች አዛዥ ፕሮቲኖች ይመራሉ። ይህ ልዩነት ከብዙ ዓመት በኋላ በሕመም ጊዜ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢው እንዲይዘው እጠይቃለሁ።

መንገደኞቹ ከቦታቸው ሲደርሱ ጡንቻ የመሆን ውሳኔ ይወስናሉ። የውሳኔው ቁልፍ በ1987 በሲያትል ተገኘ። ሃሮልድ ዋይንትራውብና ባልደረቦቹ ማዮዲ የተባለውን ዘረ መል ጡንቻ ባልሆኑ ተያያዥ ሕዋሳት ውስጥ ሲያስገቡት፣ ሕዋሳቱ የቀድሞ ማንነታቸውን ትተው የጡንቻ ሕዋስ ሆኑ። አንድ ዘረ መል ብቻውን የሕዋስን ዕጣ ሊለውጥ እንደሚችል ያሳየ የመጀመሪያው ታላቅ ማስረጃ ነበር። ማዮዲ ሚፍ5፣ ማዮጀኒንና ኤምአርኤፍ4 የሚባሉ የቅርብ ዘመዶች አሉት። ማዮዲና ሚፍ5 አንድ ላይ የሌላቸው አይጦች ያለ ጡንቻ ተወልደው ወዲያው ይሞታሉ፤ ማዮጀኒን የሚያስፈልገው ደግሞ በኋላ፣ ሕዋሳቱ መከፋፈል አቁመው ወደ ክርነት ሲለወጡ ነው። በመጨረሻም ውሕደቱ ይመጣል። ሁለት ሕዋሳት ጎን ለጎን ቆመው ሽፋናቸውን እንዲቀላቅሉ የሚያደርገው ማዮሜከር የሚባለው ፕሮቲን በ2013 ተለየ፤ በ2017 ደግሞ በዚህ ፕሮቲን ላይ ጉድለት ያላቸው ሰዎች ፊታቸውና ሰውነታቸው በጡንቻ ድካም የሚጠቃበት ብርቅ ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ።

በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ጽንሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ እናትየው ግን እንቅስቃሴው የሚሰማት ከዚያ ብዙ ሳምንታት ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክሮች እንደ ምሰሶ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ቀጣዮቹና ብዛት ያላቸው ክሮች በእነሱ ላይ ተደግፈው ይሠራሉ። ሆኖም ከሕዋሳቱ ሁሉ የማይዋሐዱ ጥቂቶች አሉ። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ በየክሩ ዙሪያ እጀጌው ሲለብስ፣ እነዚህ ፓክስ7 ያላቸው ጥቂቶች ከሥሩ ይገባሉና እዚያው ይቀራሉ። ኖች የሚባለው፣ ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር ተነካክቶ የሚለዋወጠው መልእክት፣ ገና ጡንቻ አትሁኑ ብሎ ያቆያቸዋል። በልጅነት ጊዜ አሁንም እየተከፋፈሉ ለሚያድገው ክር አዳዲስ ኒውክለስ ያቀብላሉ፤ ዕድገቱ ሲጠናቀቅ ያንቀላፋሉ። በአዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ ከክሩ ጋር ካሉት 100 ኒውክለሶች የሳተላይት ሕዋስ የሆኑት ከ2 እስከ 7 ቢደርሱ ነው።

አሁን ጡንቻው ይጎዳ እንበል። ተመራማሪዎች ይህን ለማጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ከእባብ መርዝ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ክሮቹን ገድሎ እጀጌውን፣ የደም ሥሩንና ስቴም ሴሎቹን በአብዛኛው ይተዋቸዋል። በአይጥ እግር ላይ የሚታየው ሂደት እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የክሩ ሽፋን ተቀዶ ካልሲየም ይጎርፍበታል፣ ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖችም መፍረስ ይጀምራሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጅ የሚባሉት በዝተው ፍርስራሹን ይበላሉ። በእነዚያው ቀናት ሳተላይት ሕዋሳቱ ነቅተዋል፤ ማዮዲ በውስጣቸው በርቷል፣ በፍጥነት ይከፋፈላሉ፣ በባዶው እጀጌ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይጓዛሉ። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ቀጫጭን አዳዲስ ክሮች ይታያሉ። ኒውክለሶቻቸው እንደ ጤነኛ ክር ከጠርዝ ሳይሆን ከመሃል በሰልፍ ተደርድረው ስለሚገኙ፣ ይህ አዲስ የተሠራ ነው ብሎ በማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጡንቻው ቅርጹን መልሶ ይይዛል። የሰው ጡንቻ ከዚህ ዘገም ይላል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

በዚህ ሂደት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ጽንሱ ውስጥ ጡንቻን የገነባው ፕሮግራም እንደገና መጠራቱ ነው። ሚፍ5፣ ማዮዲ፣ ማዮጀኒን፣ ማዮሜከር ሁሉም በየተራቸው ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ ጥገና የልደት ድግግሞሽ ብቻ ነው ማለት ስህተት ይመስለኛል። ጽንስ ውስጥ ፍርስራሽ የለም፣ ብግነትም የለም፤ አዋቂው ጡንቻ ግን አዲሱን የሚሠራው አሮጌው በሚፈርስበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህም ነው የማክሮፋጆቹ ጠባይ ወሳኝ የሆነው። መጀመሪያ የሚቆጡና የሚያጸዱ ሆነው ስቴም ሴሎቹ እንዲባዙ ያበረታታሉ፤ ከዚያ ጠባያቸውን ለውጠው የሚያረጋጉ ይሆኑና ውሕደቱን ያግዛሉ። ይህ ሽግግር ከተጓተተ ጥገናውም ይጓተታል።

ከእነሱ ሌላ በ2010 የተለዩ፣ በክሮቹ መካከል የሚኖሩ ተያያዥ ሕዋሳት አሉ። በጤናማ ጥገና ጊዜ ለጥቂት ቀናት ተባዝተው ለስቴም ሴሎቹ ደጋፊ ንጥረ ነገሮችን ያመርቱላቸውና ሥራቸውን ሲጨርሱ በብዛት ይሞታሉ። መሞት ሲገባቸው ካልሞቱ ግን ጠባሳና ስብ ይሆናሉ። በብዙ የጡንቻ ሕመሞች ጡንቻው ከውጭ ወፍሮ እየታየ አቅም የሚያጣው፣ የክሩን ቦታ ይህ ጠባሳና ስብ ስለሚይዘው ነው። በአደጋ ከአንድ ጡንቻ አንድ አምስተኛ ያህሉ ተቆርጦ ሲጠፋም እንዲሁ ጡንቻው ራሱን መመለስ ያቅተዋል፤ ስቴም ሴሎች በቀሪው ጡንቻ ውስጥ አሉ፣ የሚጓዙበት እጀጌ ግን ከሥጋው ጋር ሄዷል።

ከመንቃት ይልቅ የሚከብደው መተኛት ነው። የነቁት ሳተላይት ሕዋሳት ሁሉ ጡንቻ ቢሆኑ ኖሮ ለሚቀጥለው ጉዳት የሚነሣ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ከሚወለዱት መካከል ጥቂቶቹ ማዮዲን አጥፍተው፣ ፓክስ7ን ጠብቀው ወደ እጀጌው ሥር ይመለሳሉ። አንዳንዴ ይህ የሚወሰነው በአንዲት ክፍፍል ነው፤ አንዱ ልጅ ወደ ሥራ ሲሄድ ሌላው በእናቱ ቦታ ይቀራል። እንቅልፉም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2014 እንደታየው፣ የአንዱ እግር ጡንቻ ሲጎዳ በሌላኛው ጤነኛ እግር ያሉት ስቴም ሴሎች ሙሉ በሙሉ ሳይነቁ በተጠንቀቅ ላይ ይሆናሉ፤ እነሱ ሲጠሩ ፈጥነው ይነሣሉ።

ቦታው ምን ያህል እንደሚገዛቸው የሚታየው ከቦታቸው ሲወጡ ነው። አንድ የጡንቻ ክር በጥንቃቄ ተነጥሎ ሳህን ላይ ሲቀመጥ በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ቀጭን የመስተዋት ዘንግ ያበራል፤ የጎን ለጎን መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አንድ ቀን ሳይሞላው ግን በጠርዙ ላይ ያሉት ሕዋሳት ማዮዲን አብርተው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ከክሩ ላይ ወርደው በፕላስቲኩ ላይ እየተባዙ ሲሄዱ ቁጥራቸው ያስደስታል፤ ስቴም ሴልነታቸው ግን በቀናት ውስጥ ይጠፋል። በ2010 ተመራማሪዎች ከፕላስቲኩ ይልቅ የጡንቻን ልስላሴ የሚመስል፣ 12 ኪሎፓስካል ገደማ ጥንካሬ ያለው ወለል ሲያዘጋጁላቸው ሕዋሳቱ ማንነታቸውን በተሻለ ጠበቁ፤ ወደ አይጥ ሲመለሱም ሥራቸውን ሠሩ። የሚረግጡት መሬት ጥንካሬ እንኳ ለእነሱ መልእክት ነው።

በስፖርት ጡንቻ የሚዳብረው በስቴም ሴል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ክብደት ማንሣት ሳተላይት ሕዋሳቱን እንደሚያነቃና ለክሩ ተጨማሪ ኒውክለስ እንደሚያስገኝ የታወቀ ነው። ነገር ግን በአይጥ ላይ ሕዋሳቱ ከተወገዱ በኋላም ጡንቻው በአጭር ጊዜ ሊወፍር መቻሉ በ2011 ታይቷል። ክሩ ባሉት ኒውክለሶች ፕሮቲን ጨምሮ በማምረት ሊገዝፍ ስለሚችል፣ መዳበርና መጠገን አንድ ነገር እንዳልሆኑ መለየት ይገባል።

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻው ይሳሳል፣ ጉዳቱም ቶሎ አይሽርም። ይህ የሚሆነው ስቴም ሴሎቹ በማርጀታቸው ነው ወይስ የሚኖሩበት አካባቢ በመለወጡ? በ2005 በስታንፎርድ የተደረገ ሙከራ ለዚህ ጥያቄ የማይረሳ መልስ ሰጥቷል። የአንድ ወጣትና የአንድ አሮጌ አይጥ የደም ዝውውር በቀዶ ሕክምና ሲገናኝ፣ በአሮጌው አይጥ ጡንቻ ውስጥ ያሉት ስቴም ሴሎች እንደ ወጣት መነሣትና መጠገን ጀመሩ። ሕዋሳቱ የራሱ የአሮጌው ነበሩ፤ የተለወጠው የሚደርሳቸው ደም ነው። ይሁንና ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2014 በጣም ባረጁ አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ሕዋሳቱ ከእንቅልፍ ወደማይነሡበት ሁኔታ እንደሚያልፉና ወደ ወጣት አካል ቢዛወሩም እንደማይመለሱ ታየ። አካባቢው ብዙ ሊረዳ ይችላል፤ የሚረዳው ግን ሕዋሱ ገና መስማት እስከቻለ ድረስ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት እጅግ የሚያስፈልገው ሕመም ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መመንመን ነው። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዝርዝር ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች አንዱን ያጠቃል። ልጁ በተለመደው ዕድሜ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ይራመዳል፤ ከዚያ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ከወለል ለመነሣት ጭኑን በእጁ እየደገፈ ይወጣል፣ ሕክምና ካላገኘ ብዙ ጊዜ ከ12 ዓመቱ በፊት በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ይጀምራል። ምክንያቱ በ1986 እና በ1987 በአሜሪካዊው የዘረ መል ተመራማሪ ሉዊስ ኩንከል ቤተ ሙከራ ታወቀ። ዲስትሮፊን የሚባለው ፕሮቲን የክሩን ውስጠኛ መዋቅር ከሽፋኑና ከእጀጌው ጋር የሚያያይዝ መልሕቅ ነው፤ ዘረ መሉ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት፣ በሰው ልጅ ውስጥ ከሚታወቁት እጅግ ረጃጅሞች አንዱ ነው። መልሕቁ ሲጎድል ክሩ በተኮማተረ ቁጥር ይቀደዳል።

ለረጅም ጊዜ የታመነው፣ ስቴም ሴሎቹ ጤነኛ እንደሆኑና በማያቋርጥ ጥገና ብቻ እንደሚደክሙ ነበር። በ2015 ግን ዲስትሮፊን በስቴም ሴሉ ውስጥም እንደሚሠራ ታወቀ፤ ሕዋሱ ሲከፋፈል የትኛው ወገን ወደ ሥራ እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚያቀናው እሱ ነው። እሱ ሲጎድል ክፍፍሉ ይዛባል፣ ለሥራ የሚወጡት ሕዋሳትም ያንሳሉ። ይህ ግኝት የሕመሙን ትርጉም የለወጠ ነው ብዬ አስባለሁ። የእነዚህ ልጆች ጡንቻ የሚጎዳው ክሩ ስለሚቀደድ ብቻ ሳይሆን፣ የሚጠግነው ሕዋስም ተመሳሳይ ጉድለት ስላለበት ነው።

ጤነኛ ሕዋስ ከሌላ ሰው ወስዶ መስጠት የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር። በ1989 በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ከታየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጤነኛ ዘመዶች የተወሰዱና በሳህን የተባዙ የጡንቻ ሕዋሳት በዱሼን ለታመሙ ልጆች በመርፌ ተሰጡ። ውጤቱ ወላጆችን ያሳዘነ ነበር። አብዛኞቹ ሕዋሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቱ፣ የተረፉትም መርፌው ከገባበት ቦታ ብዙም አልራቁም፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱም እንደ ባዕድ ቆጠራቸው። አሁን ስናየው ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው፤ የተሰጡት በፕላስቲክ ላይ ተባዝተው ስቴም ሴልነታቸውን ያጡ ሕዋሳት ነበሩ። በሌላ በኩል፣ ጉሮሮና የዓይን ቆብን በሚያደክም ሌላ የጡንቻ ሕመም ከያዛቸው 12 ሰዎች ጤነኛ ጡንቻ የተወሰዱ የራሳቸው ሕዋሳት በመዋጫ ጡንቻቸው ላይ ሲሰጡ ሕክምናው አስተማማኝ መሆኑና ብዙዎቹ መዋጥ እንደቀለላቸው በ2014 ተዘግቧል። ትንሽ ጡንቻ፣ የራስ ሕዋስ፣ አንድ የተወሰነ ቦታ፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነገሩ ይሳካል።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው በጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ ሥራ ነው። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው፣ ተራ የቆዳ ሕዋስ በጥቂት ዘረ መሎች ወደ ጽንስ መሰል ሁለገብ ስቴም ሴል እንደሚመለስ ታየ። ከታመመው ልጅ ቆዳ ተነሥቶ፣ የዲስትሮፊኑን ስህተት አርሞ፣ ሕዋሱን ወደ ጡንቻ መምራት በሐሳብ ደረጃ ተቻለ። ሕዋሱን ለመምራትም ተመራማሪዎች ጽንሱ የሚከተለውን መንገድ ይከተላሉ፤ መጀመሪያ የሶማይትን፣ ቀጥሎ የፓክስ3ን፣ ከዚያ የፓክስ7ን ደረጃ በየተራው በኬሚካል ምልክቶች ይጠራሉ። ከሳምንታት በኋላ በሳህኑ ላይ ክሮች ይበቅላሉ፤ አንዳንዶቹም ይኮማተራሉ።

ታዲያ በሳህኑ ላይ የተገኘው ፓክስ7 ያለው ሕዋስ የአዋቂ ስቴም ሴል ነው? ይህን ለመመለስ በ2020 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ቡድን ከጽንስ እስከ አዋቂ ድረስ ካሉ የሰው ጡንቻዎች ሕዋሳትን አንድ በአንድ እያነበበ፣ በየዕድሜው የትኞቹ ዘረ መሎች እንደሚሠሩ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጀ። የሳህኑ ሕዋሳት በካርታው ላይ ሲቀመጡ ከ7ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ካሉት ጋር ተመሳሰሉ። ሳህኑ ላይ ያለው ሕዋስ ዕድሜው ገና ነው። መከፋፈልና ክር መሥራት ያውቃል፤ እጀጌ ሥር ገብቶ መተኛትን ግን ገና አልተማረም። በጽንስ ውስጥ ይህ ትምህርት ወራት የሚፈጅና ክሩ፣ እጀጌው፣ ነርቩና የደም ሥሩ አብረው የሚሰጡት ነው።

ስቴም ሴል ወግተን ጡንቻ እናድሳለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች በየአገሩ አሉ። ከላይ የተባለውን የተከታተለ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገባው ጥያቄ አለው፤ የምትሰጡት ሕዋስ ምን ዓይነት ነው፣ ከየት ተወሰደ፣ ከወር በኋላስ በሕይወት የት ተገኘ? ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ከስብ ወይም ከአጥንት መቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እነዚህ የጡንቻ ስቴም ሴሎች አይደሉም። ልጁ እየደከመ የሚያይ ወላጅ ተስፋ መፈለጉ የሚገባው ነው፤ በዚያ ተስፋ ላይ ማትረፍ ግን ከባድ በደል ነው። በትክክለኛ ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ያለ ሕክምና ከተሳታፊው ለሕክምናው ክፍያ እንደማይጠይቅ በአጠቃላይ ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ራስ ጡንቻዎች ልመለስ። ዱሼን ያለበት ልጅ እግሩ፣ ከዚያም ክንዱ፣ በኋላም መተንፈሻው ይደክማል፤ ዓይኑ ግን ዘመኑን ሁሉ እንደ ጤነኛ ሰው ዓይን በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሳል። ዲስትሮፊን በዓይኑ ጡንቻ ውስጥም የለም፣ ጉድለቱ ያው ነው፤ እነዚያ ጡንቻዎች ግን አይመነምኑም። የመጡት ከሶማይት ሳይሆን ከራስ ንብርብር ነው፣ ስቴም ሴሎቻቸውም ከእግሮቹ ይልቅ በብርታት እንደሚባዙ በአይጦች ታይቷል፤ ዲስትሮፊንን ሊተካ የሚችል ዘመድ ፕሮቲንም በክሮቻቸው በብዛት ይገኛል። ከእነዚህ የትኛው የበለጠ እንደሚያድናቸው እየተጠና ነው። በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት የዘረ መል ጉድለት ሥር፣ ስድስት ጥቃቅን ጡንቻዎች በየዓይኑ ዙሪያ ሳይደክሙ ይሠራሉ፤ ተመራማሪዎችም ለእግሩ የሚሆን መልስ እዚያ እየፈለጉ ነው።